እትዬ ጥሩነሽ የሰጡት መልስ

ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሰኞ ጠዋት እጄ ራሱ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄዶ ጥቁሩን ካፖርቴን ያወርዳል። ከዚያ ካፖርቱን ይዤ መሀል ክፍል ላይ እቆማለሁ። ባለቤቴ ሰዒድ ያየኛል። መልሼ እሰቅለዋለሁ።

ሥራዬ ምን እንደሆነ ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜም ይቸግረኝ ነበር። ሜልበርን ዳር፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ ያሉ ጎረቤቶቼ "ፍርድ ቤት ነው የምትሠራው" ይላሉ። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ደግሞ አስተማሪያቸው ስትጠይቃቸው "ሺ ቪዚትስ ኦልድ ፒፕል"፣ ሽማግሌዎችን ትጠይቃለች፣ ብለው ይመልሱ ነበር። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ዕድሜ ወይም ሕመም ወይም የመኪና አደጋ አእምሮውን የነካው ሰው ሲኖር፣ ቤተሰቡ ወይም ሆስፒታሉ "ይህ ሰው ስለ ራሱ መወሰን አልቻለም፤ ሞግዚት ይሾምለት" ብሎ ለችሎት ያመለክታል። ችሎቱ ከመወሰኑ በፊት ሰውየውን ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያይ፣ የሚያነጋግር፣ ዘመዶቹን የሚጠይቅ ሰው ይልካል። እኛ ነን እነዚያ። መርማሪ እንባላለን እንጂ ፖሊስ አይደለንም። እኔ መጀመሪያ መርማሪ፣ ኋላም የመርማሪዎቹ ኃላፊ ሆኜ ሠራሁ። በጻፍነው ሪፖርት ሰው ከቤቱ ሊወጣ ይችላል፤ ወይም እዚያው ቤቱ ሊቀር ይችላል። ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ሥራ አላውቅም። እንደዚህ ሥራም የናፈቀኝ ነገር የለም።

ደሴ ሳለሁ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሜልበርን ስንደርስ ያ ልምዴ ለምንም አልሆነኝም። ፉትስክሬይ የሚባል ሰፈር ውስጥ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት የመንግሥት ቤት ደረሰችን። ሰዒድ ታክሲ ይነዳል፤ እኔ ሁለት ሕፃናት ይዤ የሽማግሌዎች እንክብካቤ ሥራ ላይ በሺፍት እገባለሁ። ከእኛ በር ፊት ለፊት እትዬ ጥሩነሽ ከልጃቸው ከሳሙኤል ጋር ይኖሩ ነበር። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ እኔ ሙስሊም ነኝ። መጀመሪያ የተዋወቅነው ሊፍቱ ተበላሽቶ ልጆቼን ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ ነው። አንዱን ከእጄ ቀሙኝና፣ እያለከለኩ፣ "ይሄን የመሰለ ልጅ ይዘሽ ብቻሽን ትወጫለሽ? ሰው የለም ይመስል!" አሉኝ።

ሶሻል ወርክ ልማር ብዬ ሳማክራቸው አንድ ቃል ብቻ ነው ያሉት። "ሂጂ።" ትምህርት እስክጨርስ ድረስ ልጆቼን ያዋሉልኝ እሳቸው ናቸው። በረመዳን ልጆቹን ቤታቸው ወስደው ምሳ ያበሏቸዋል፤ ጾሜን ይዤ ምግብ እንዳልሠራ ብለው ነው። ለዚህ ሁሉ "ምን ልክፈልዎት?" ብላቸው ተቆጡኝ። ከዚያ በኋላ ጠይቄያቸው አላውቅም።

መሥሪያ ቤቱ ስቀጠር ያሠለጠነችኝ ሞሪን ትባላለች። አጠር ያለች፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ የምትቆረጥ፣ የገበሬ ልጅ። አብሬያት ልወጣ የነበረ ዕለት ፋይሉን ደጋግሜ አንብቤ፣ እንደ ፈተና አጥንቼ ነው የሄድኩት። መኪና ውስጥ "ምን ይላል?" ስትለኝ የሐኪሙን ቃል፣ የልጅቷን ማመልከቻ፣ የጎረቤቱን አቤቱታ አንድ በአንድ ነገርኳት።

"በጣም ጥሩ" አለችኝ። "አሁን እርሺው። ሰውየውን ገና አላየነውም።"

ሰውየው ጡረታ የወጣ ጣሊያናዊ ግንበኛ ነው፤ ሰንሻይን ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ልጁ ያመለከተችው አባቷ ጓሮው ውስጥ ግንብ እየገነባ፣ መልሶ እያፈረሰ፣ እንደገና ያንኑ ግንብ ስለሚገነባ ነው። ሐኪሙም ይህንኑ ጽፏል። ሞሪን ስለዚህ ነገር ምንም አልጠየቀችውም። "ቤትህን ታሳየናለህ?" አለችው። ሳሎኑን፣ ማድ ቤቱን፣ የሟች ሚስቱን ፎቶ አሳየን። በመጨረሻም ጓሮ ወሰደንና ግንቡ ፊት አቆመን። በውኃ ልክ እንደተለካ ቀጥ ያለ ነበር።

"ያምራል" አለችው ሞሪን። "ለምን ታፈርሰዋለህ?"

ሰውየው እንደ ሞኝ አያት። "ጡብ አልቆብኝ ነዋ!"

መኪና ውስጥ ገብተን ሞሪን እስክታለቅስ ሳቀች። ያ ሰው ቤቱ ቀረ። ልጁም ጡብ አመጣችለት።

የሞሪን ልማዶች ብዙ ናቸው። ተቀመጪ ሳይሏት አትቀመጥም። ሰውን ሁለት ጊዜ ሳታይ አትጽፍም፤ አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ከሰዓት በኋላ። ጠዋት የልጅ ልጆቹን ስም ሁሉ የሚጠራ ሰው፣ ቀኑ ሲመሽበት የገዛ ልጁን "አንተ ደግሞ ማነህ?" ሊለው ይችላል። "ሁለቱም እሱ ናቸው፤ ሁለቱንም ጻፊ" ትለኝ ነበር። የመጀመሪያ ሪፖርቴን ስሰጣት አንብባ መለሰችልኝና "ይህች ሴት የታለች?" አለችኝ። ያን ሁሉ ገጽ ስጽፍ ሴትየዋ በአፏ የተናገረችውን አንድም ቃል አላስገባሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ የባለጉዳዩ ቃል ሳይቀድም ሪፖርት ጽፌ አላውቅም፤ ኃላፊ ስሆንም ከሌላ ሰው አልተቀበልኩም። ችሎቱ ከወሰነ በኋላ ደግሞ ያልፈለገው ነገር የተወሰነበት ሰው ዘንድ ሞሪን ራሷ ትሄዳለች። "ይስደቡኝ፤ ግን ፊቴን እያዩ ይሁን" ትላለች። ብዙ ተሰድባለች።

ጡረታ ወጥታ ባሕር ዳር ወዳለች ትንሽ ከተማ ስትሄድ ቦታዋን ለእኔ ሰጡኝ። ደመወዙ ትንሽ ከፍ አለ፤ ስብሰባው ግን ከዚያ በላይ በዛ። ከማሠለጥናቸው መርማሪዎች መካከል ኬት የምትባል ልጅ ነበረች። ስትናገር ድምጿ የማይሰማ፣ ጠንቃቃ፣ ሰው ሲናገር አፉን የምታይ። ጠረጴዛችን ትይዩ ነበር። ከሁሉም ይልቅ ተስፋ የጣልኩት እሷ ላይ ነው።

አንድ ጠዋት ከአዳዲስ ጉዳዮች መካከል የእትዬ ጥሩነሽን ስም አየሁ።

እኛ ወደ ሆፐርስ ክሮሲንግ ከሄድን ቆይተናል። እሳቸው ግን እዚያችው ፉትስክሬይ፣ እዚያችው ቤት ነበሩ። ያወሩትን ሲደግሙ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ዕድሜ ነው ብዬ ነበር። ያመለከተው ሳሙኤል ነው። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል፤ አውቶቡስ ይነዳል፤ ከተማው ዳር ሜልተን ቤት ገዝቶ ሚስትና ልጆች አሉት። እናቱ ምድጃ ለኩሰው ረስተው፣ ጢሱ ፎቁን ሞልቶ፣ ሕንፃው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወጥቷል። ሌላ ቀን ደግሞ ትራም ተሳፍረው መውረጃቸው ጠፍቷቸው ሲሄዱ ውለዋል። ልጅ ነውና ፈራ። ማን አይፈራም?

ደንቡ ግልጽ ነው፤ የምታውቂውን ሰው ጉዳይ አትነኪም። ለአለቃዬ ነገርኳት፤ ፋይሉ ተዘጋብኝ፤ ሌላ ኃላፊ ያዘው። እስኪወሰንም እሳቸው ዘንድ እንዳልሄድ ለመነችኝ። መርማሪ ሆና የተመደበችው ኬት ነበረች። በዚያ ሰሞን ምሳ አብረን እየበላን ስለ ዝናብ እናወራለን። ኮቷን ለብሳ ስትወጣ ወዴት እንደምትሄድ እገምታለሁ፤ ስትመለስ ፊቷን አያለሁ። እሷ ደግሞ እንዳላይባት ወደ ኮምፒውተሩ ታዘነብላለች።

ሳሙኤል ሞግዚት ሆኖ ተሾመ። እትዬ ጥሩነሽ ሜልተን፣ ለልጃቸው ቤት ቅርብ የሆነ ኤጅድ ኬር፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ገቡ። የፉትስክሬዩ ቤት ቁልፍ ለመንግሥት ተመለሰ።

ላያቸው ስሄድ መስኮት አጠገብ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አገኘኋቸው። መስኮቱ የመኪና ማቆሚያውን ነው የሚያሳየው።

"መጣሽ ዘይነቤ? በይ እንሂድ" አሉኝ።

"የት እንሂድ እትዬ?"

"ቤቴ ነዋ! እንግድነት ልክ አለው።"

በዚያ ቤት አማርኛ የሚሰማ ሰው አልነበረም። ሠራተኞቹ ደጎች ናቸው፤ ትከሻቸውን ይዳብሳሉ፣ ሻይ ያመጣሉ። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል። እትዬ ጥሩነሽ እጄን ይዘው የማውቃቸውንና የማላውቃቸውን ሰዎች ሁሉ እያነሡ፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ ሲያወሩ ዋሉ። ውኃ ጠምቶት እንደቆየ ሰው ነበሩ።

ሳሙኤል እስከ መኪናዬ ሸኘኝ። ነፋሱ ይበርድ ነበር።

"እንሂድ ስትል ሆዴ ይባባል፣ እትዬ ዘይነባ" አለኝ። "ግን እኮ ለእኔ የተወችው ራሷ ናት።"

"እንዴት?"

"ኬት ጠየቀቻት። የት መኖር ትፈልጊያለሽ? ማን ይወስንልሽ? ሦስቴ ነው የጠየቀቻት፤ ሦስቴም አንድ ነገር ነው የመለሰችው። ሂ ኖውስ። እሱ ያለችው እኔን ነው። ችሎት ላይ ሲነበብ አለቀስኩ። እማዬ እንደዚያ ብላኝ አታውቅም።"

"አንተ አብረሃቸው ነበርክ?"

"ብቻዋን ነው የሚያናግሯት። አስተርጓሚው በስልክ ነበር።"

እኔ ደግሞ ሂ ኖውስ ያለውን በሆዴ ወደ አማርኛ እየመለስኩት ነበር። እናቴ ደሴ ዝናብ ሲዘገይ የምትለው፣ ሰዒድ መኪናው አልነሣ ሲለው የሚለው፣ እኔም በቀን ስንቴ የምለው ነገር ነው። ቀስ ብዬ ነገርኩት።

"ሳሚ፣ እማዬ ያሉት 'እሱ ያውቃል' ነው።"

መጀመሪያ አልገባውም። አማርኛው የማድ ቤት አማርኛ ነው፤ ና፣ ብላ፣ ተኛ። ከዚያ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ዞሮ ወደ ውስጥ ገባ። ተከተልኩት። እናቱ ፊት ተንበረከከና በተሰባበረ አማርኛው "እማዬ፣ የት መኖር ነው የምትፈልጊው?" አላቸው።

ወደ ላይ ቀና አሉ። "እሱ ያውቃል፣ ልጄ።"

"እሱ ማነው?"

ሳቁበት። "ምነው ሳሚ፣ ፈረንጅ ሆንክ እንዴ? ጌታ ነዋ!"

"እኔን መስሎኝ ነበር።"

"አንተማ ምን ታውቃለህ፣ ገና ልጅ!" አሉና ጉንጩን መታ መታ አደረጉት።

እጃቸውን ያዘና "እሺ፣ ጌታ እስኪነግረን፣ አንቺን የት ደስ ይልሻል?" አላቸው። መልሱን ለማግኘት አፍታም አልፈጀባቸው። "ፉትስክሬይ። ቤቴ።"

ጥያቄውን የጠየቀችው ልጅ ጎበዝ ናት። አስተርጓሚው አንድ ቃል አልሳተም። ችሎቱ የቀረበለትን አይቶ ነው የፈረደው። ልጁ እናቱን ይወዳል። ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች መካከል አንድ ክፉ አጥቼ ነው ያን ቀን ወደ ቤቴ የነዳሁት። ክፉ ሰው ባገኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ለሞሪን ደወልኩላት። በዚያን ጊዜ ታማለች፤ ትንፋሿ ያጥራታል። ሁሉንም ሰምታ "ለአለቃሽ ንገሪ፤ ልጁም ችሎቱ ጉዳዩን እንደገና እንዲያይ ያመልክት" አለችኝ። "ለኬት ደግሞ ኢሜይል እንዳትጽፊላት። ምሳ ጋብዣትና ከአፍሽ ትስማ።"

ኬትን ፉትስክሬይ ያለ ምግብ ቤት ወስጄ፣ ምግቡ ሳይመጣ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ሦስቴ ጠየቅኳቸው እኮ" አለች።

"ጠይቀሻል። እሳቸውም መልሰውልሻል።"

"እንዴት ላውቅ እችል ነበር?"

"በስልክ አታውቂውም። ዓይናቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ አጠገባቸው የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ ይነግርሽ ነበር።"

ምግቡ መጣ፤ ሁለታችንም አልነካነውም። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና "እንደገና የምሄደው እኔ ልሁን" አለች። አለቃችን ተስማማች።

በዚህኛው ጊዜ ኬት አስተርጓሚ በአካል ይዛ ሄደች፤ የጎንደር ሴት ናት፣ በዕድሜም ጠና ያለች። እኔ አሁንም አልተፈቀደልኝም፤ የሆነውን ያወቅሁት ሳሙኤል ነግሮኝ ነው። ኬት ጥያቄ አልጠየቀችም። "ሰፈርዎን ያሳዩኛል?" ነው ያለቻቸው። ሳሙኤል ነዳ። ፉትስክሬይ ገበያ ሲገቡ እትዬ ጥሩነሽ መሪ ሆኑ፤ ዓሣ ሻጩን በስሙ ጠሩት፣ ሽንኩርቱን አገላብጠው ውድ ነው አሉ፣ ኬትን በእጇ ይዘው ሰው መሀል አሳለፏት። ከዚያ ወደ ሕንፃው ሄዱ። ከሥር ቆመው ወደ መስኮታቸው ቀና አሉ። የማያውቁት መጋረጃ ተሰቅሎበታል።

"ሰው ገብቶበታል" አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ "ደግ ነው፤ ባዶ አልቀረም።"

ያንን ቤት መመለስ አልተቻለም። የመንግሥት ቤት አንዴ ቁልፉ ከተመለሰ የሌላ ሰው ነው፤ አዲስ ቤት የሚጠብቀው ሰው ብዛት የሚያልቅ አይደለም። ይህ ነው ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ያልዳነልኝ። ኬት ስታስረዳ ችሎቱ በቅንነት ሰማ፤ ሳሙኤልም ራሱ ጠየቀ፤ ለፉትስክሬይ ገበያ ቅርብ የሆነ ኤጅድ ኬር ተገኘላቸው። የቸርቻቸው ሰዎች በእግር ይመጡላቸዋል። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር እሄድ ነበር። ግን ቤታቸው አልነበረም፤ እሳቸውም ያውቁ ነበር። ኮታቸውን መልበስ ከተዉ በኋላም ቦርሳቸው ከጭናቸው አልወረደም።

በመጨረሻው ዓመት እኔን በዕድሜዬ ማወቅ ተዉ። ስገባ ይደነግጣሉ። "ልጆቹን ማን ጋ ትተሻቸው መጣሽ?" ይሉኛል። አንደኛዋ ልጄ ነርስ ሆናለች፤ ወንዱ ራሱ አባት ሆኗል። መጀመሪያ ይህን ለማስረዳት እሞክር ነበር፤ በኋላ ተውኩት።

"ሰዒድ ጋ ናቸው፣ እትዬ።"

"እሱ ምን ያውቅበታል! በይ ሂጂ ትምህርትሽ እንዳይረፍድብሽ፤ እነሱን ወደ እኔ ላኪያቸው።"

አሁንም ቅዳሜ ሲመጣ የባቡሩን ሰዓት አያለሁ። እሳቸው ባረፉ በወራት ልዩነት ሞሪንም ሄደች። ሁለቱ ሴቶች ተገናኝተው አያውቁም። ቢገናኙ እትዬ ጥሩነሽ "ተቀመጪ" ሳይሏት ሞሪን እንደማትቀመጥ አውቃለሁ፤ እሳቸውም ቶሎ ብለው "ምነው ቆምሽ?" እንደሚሏት አውቃለሁ። ይህን እያሰብኩ አንዳንዴ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ተከልኩ። እንግሊዝኛ ለማይናገር ሰው አስተርጓሚ በአካል ይሂድ፤ የባለጉዳዩም ቃል በገዛ ቋንቋው ተጽፎ ከሥሩ ትርጉሙ ይግባ አልኩ። ያለ ጭቅጭቅ አልሆነም፤ ሆነ ግን። ከኮቪድ ወዲህ ደግሞ ብዙው ጥያቄ በቪዲዮ ሆነ። መርማሪው ቤቱ ተቀምጦ የሽማግሌውን ግንባር ብቻ ያያል፤ ማንቆርቆሪያውን አያይም፣ ጓሮውን አያይም። ተከራከርኩ፤ ግማሹን አሸነፍኩ፤ ከዚያ ጉልበቴም ደከመ፤ ወጣሁ። ኬት ቦታዬን ያዘች። ሲሸኙኝ ኬክ ቆረሱልኝ፤ ሰዒድም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከረባት አስሮ መጣ።

ባለፈው የካቲት፣ የሰሜኑ ትኩስ ነፋስ በሚነፍስበት ቀን፣ ስልኬ ጮኸ። ኬት ናት፤ ታንሾካሹካለች።

"ስሙንም ሰፈሩንም አልነግርሽም" አለችኝ።

"አትንገሪኝ።"

"የማልታ ሰው ነው። አዲሷን መርማሪ ሁለት ጊዜ ስላባረራት ራሴ መጣሁ። በሩ ላይ ነኝ። ሂጂልኝ እያለ ይጮኻል። ካልገባሁ ሐኪሙ የጻፈው ብቻ ነው ችሎት የሚቀርበው።"

"ስለ ችሎቱ ነገርሽው?"

"ነገርኩት።"

"በቃ፣ ያንን ተይው። ግቢው ውስጥ ምን አለ?"

ዞር ስትል ጫማዋ ጠጠሩ ላይ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። "ደረቅ ሣር። የተሰበረ ወንበር። የበለስ ዛፍ። መረብ አልብሶታል።"

"መረቡ አዲስ ነው?"

"አዲስ ነው። በደንብ ነው የታሰረው።"

"እንግዲህ ስለ በለሱ አጫውቺው።"

ስልኩን እንደያዘች ወደ በሩ ጠጋ አለች። ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ እሱም እንዲሰማ ቀስ እያለች፣ "ጌታዬ፣ በለሱ በስሏል እኮ፤ ወፎቹ ተዉልዎት?" አለችው።

ጩኸቱ ቆመ። ከዚያ ሰንሰለት ሲፈታ ሰማሁ። በሩ ሲጥ ብሎ ተከፈተ፤ የሻከረ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። "ወፎቹማ ያለ መረብ አንድ አያስተርፉልኝም! ታች በኩል ያለውን አይተሽዋል? ግቢ ላሳይሽ፣ ግቢ፣ ሙቀቱ ቤቱን ሞላው።"

"ልዝጋው" አለች ኬት፤ ስልኩ ተቋረጠ።

እኔ ግን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩት ቆየሁ። አሁን እንግዲህ ኮሪደሩን እያለፈች ነው፤ ግድግዳው ላይ ፎቶዎች ይኖራሉ፤ ማድ ቤቱ ወደ ጓሮ ይከፈት ይሆናል።

ሰዒድ ከሳሎን "ማነው የደወለው?" አለኝ።

"ከሥራ ነው" አልኩት።